የከብቶቹን ጨው የምትልሰው ልጅ

የልጅ ልጄ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ሁለት ነገር አስምላኝ ነው። አንደኛ ስሟን እንዳልጠራ፣ ሁለተኛ የተቆጣኋትን ቀን እንዳልዘለው። ስለዚህ ከዚያው ቀን ልጀምር።

2015 ዓ.ም.፣ የካቲት መገባደጃ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ኮሶዬን በቱሪስት መኪና መስኮት ብቻ የሚያውቃት ሰው ገደሉንና ጭላዳዎቹን ያስታውስ ይሆናል፤ እኛ የምንኖርባት ግን የምናውቃት በብርዷ ነው። በዚያ ብርድ እኩለ ሌሊት ላይ ከልጅቷ መኝታ የማቃሰት ድምፅ ሰምቼ ባትሪ ይዤ ስገባ ጋቢዋ በላብ ርሷል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ስጠራት ትሰማኛለች፤ መልሷ ግን አይያያዝም። ጣቷን ወግቼ ስኳሯን ለካሁ፤ 38። መዋጥ ትችል ስለነበር ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣኋት። (ራሷን ስታ ቢሆን ኖሮ በአፏ ምንም አይሰጥም፤ ይህን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደጋግማ አስተምራናለች።) ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ምንም እንዳልሆነ ሰው "አባባ፣ ምነው በሌሊት ተነሡ?" አለችኝ።

በዚያ ሳምንት ሦስተኛው ነበር።

ሲነጋ እሳት ዳር አስቀምጬ ጠየቅኳት። "ትጾሚያለሽ አይደል?" የነፍስ አባታችን ገና ሕመሙ እንደጀመራት ከጾም ፈትተዋታል፤ እርሷ ግን እኩዮቿ ሲጾሙ መብላት ያሳፍራታል ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

"አባባ ይሙቱ፣ አልጾምኩም። በልቻለሁ።"

"በእኔ አትማዪ! ወይ ትጾሚያለሽ፣ ወይ መርፌውን ታበዢዋለሽ። ሦስተኛ ነገር የለም።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እናቷ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ልጅቷ አልመለሰችልኝም፤ ተነሥታ ልትሄድ ስትል ዞሮባት ግድግዳውን ያዘች። ያን ማዞር እንኳ እንደ ማስመሰል ቆጠርኩት። ለ31 ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሰውነትን ዕጢዎች በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ስንቱን ተማሪ ፈትኛለሁ። ሦስተኛው ነገር በገዛ ሰሌዳዬ ላይ የነበረ ነው።

ነገሩን ወደ ኋላ መለስ ብዬ ላስረዳ። የስኳር ሕመሟ የታወቀው በ11 ዓመቷ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። ውኃ አልጠግብ አለች፣ ሌሊት ትመላለስ ጀመር፣ ከሳች። ጎንደር ወስደናት ኢንሱሊን ተጀመረላት። አባቷ ልጄ ነው፤ እርሱ እርሻ ላይ ስለሚውል መርፌውና መዝገቡ የእኔ ኃላፊነት ሆነ። ፍሪጅ የለንም፤ ኮሶዬ ራሷ ፍሪጅ ናት፣ መድኃኒቱን በማሰሮ አድርገን ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ እናስቀምጣለን። ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት ትወጋለች። በዚህ መጠን አራት ዓመት ያህል በሰላም ኖረናል።

ከ2015ቱ መስቀል በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያው 30 ዩኒት ይበዛባት ጀመር። ቀነስነው፤ አሁንም በዛ። በየካቲት ወደ 14 ወርደን ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ ስኳሯ ይወድቃል። አሁን ሳስበው ለስኳር በሽተኛ መርፌው "እየተሻላት ነው" ብሎ የሚቀንስበት ምክንያት የለም። ዘመዶቻችን ግን ደስ አላቸው፤ አንዲት አክስቷማ "በሽታው ሊለቃት ነው" ብላ እልል ብላ ነበር።

ሌላ ሌላውም ምልክት አንድ በአንድ መጣ፤ እኛም ለእያንዳንዱ የየራሱን ምክንያት ሰጠነው። ፊቷና የእጇ መገጣጠሚያ ጠቆረ፤ "ፀሐዩ ነው" አልን። በቀኝ እጇ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ወጣ፤ ሰዉ "ለምጽ" አለውና ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። አንገቷ ትንሽ አበጠ፤ እንቅርት በደጋው አገር ብርቅ አይደለም፣ ማንም አላየውም። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳገቷን ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ነው የምትወጣት። ከሳች፤ ግን በእኛ አገር ቅጥነት መች ምልክት ሆኖ ያውቃል? ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ፣ አንጋፋው ብሪታኒያዊ ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ጎንደር ገጠር ያወጡት ጥናት ነበር፤ ኢንሱሊን ከሚወጉት ሕሙማን ብዙዎቹ ድሆችና ቀጫጭኖች፣ አብዛኞቹም ወንዶች ነበሩ። ቀጭን የስኳር በሽተኛ በእኛ አካባቢ የተለመደ ስለሆነ አንዲት ቀጭን ልጅ የበለጠ ስትቀጥን የሚደነግጥ አልነበረም።

የጨው ነገር ግን ያስቅ ነበር፤ ያኔ። አንድ ማለዳ እናቷ ላም ልታልብ ስትገባ ልጅቷ በረት ውስጥ ቁጢጥ ብላ ለከብቶቹ ያስቀመጥነውን ቁራጭ አሞሌ ስትልስ አገኘቻት። "ምነው እንደ ላም!" ብላ ሳቀች፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ። ታናሽ ወንድሟ ለሳምንት ያህል "እምቧ" እያለ ሲያበሽቃት ከረመ። እርሷ ግን ወጥ ላይ ጨው እየነሰነሰች፣ ሽሮውን በጨው እያከረረች መብላቷን አላቆመችም። "ሳልበላው ከዋልኩ ጉልበቴ ይከዳኛል" ትል ነበር። ልብ ያለው ሰው ቢሰማት ኖሮ በሽታዋን ራሷ ነግራናለች።

ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ወስደናት ነበር። ታይፎይድ ተባለና የአሥር ቀን መድኃኒት ይዘን ተመለስን። አያቷ፣ ማለት ባለቤቴ፣ ጠበል ወሰደቻት። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም የተጠመቅሁበት ነው፤ ስሕተቱ የእኛ ነው፣ መርፌ የወሰደችን ልጅ ባዶ ሆዷን ለሰዓታት በብርድ አቆምናት። ተሸክመው ነው ያመጧት።

ያን የተቆጣሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ በልቤ ነርሷ እንድትመክርልኝ ነው፣ እውነቱን ለመናገር እንድትቆጣልኝ። ነርሷ መዝገቤን አገላብጣ አየችና ከመምከር ይልቅ የደም ግፊት መለኪያውን አመጣች። አስተኝታ ለካች፤ 90። "እስቲ ቁሚ እናቴ" አለችና ወዲያው ደግማ ለካች፤ 65። ልጅቷ ተንገዳግዳ አልጋው ላይ ወደቀች።

"መምህር፣ ይህ የጾም አይመስለኝም" አለችኝ። "ዛሬውኑ ጎንደር ትሂድ።" ሪፈር ጽፋ፣ የግሉኮስና የጨው ውኃ በደም ሥሯ ሰክታ፣ መንገድ ዳር ድረስ ወጥታ ሚኒባስ አስቆመችልን። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ልጅቷ በእናቷ ጭን ላይ ተኝታ፣ እኔ ቦርሳውን ከፍ አድርጌ ይዤ ተጓዝን። ለዚያች ነርስ ምን ብዬ እንደማመሰግናት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጎንደር ሆስፒታል ማታ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። ብዙ ጠየቀ። "አፍሽን ክፈቺ" ብሎ በባትሪ ሲያይ ቆየና፣

"ድድሽን የተነቀስሽው መቼ ነው?" አላት።

"አልተነቀስኩም።"

ወደ እናቷ ዞረ። እናቷ እንደ አገሩ ሴቶች ድዷም አንገቷም ንቅሳት ነው። "የተነቀስኩት እኔ ነኝ፤ እርሷማ ቀርቷል ብላ እምቢ አለች" አለችው።

"እንግዲያው ከመቼ ጀምሮ ነው የጠቆረው?"

እርስ በርስ ተያየን። ሁላችንም ንቅሳት መስሎን ነበር፤ እኔ እናቷ፣ እናቷ ደግሞ ጓደኞቿ የነቀሷት። ሐኪሙ መዳፏን ዘረጋና የመዳፏን መስመሮች አሳየን። በቀለም የተጻፉ ይመስላሉ። ያረጀች የጉልበት ጠባሳዋም ጠቁራ ነበር። ፀሐይ መዳፍ ውስጥ አይገባም። ከዚያ "ጨው ያምርሻል?" ብሎ ሲጠይቃት እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች።

ሌሊቱን ፈሳሽና ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል መርፌ ተሰጣት። የደም ምርመራው ሶዲየሟ በጣም ዝቅ፣ ፖታሲየሟ ከፍ ማለቱን አሳየ። የሆርሞኑ ናሙና ሌላ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ፈጅቷል፤ እነርሱ ግን ሕክምናውን ለመጀመር ውጤት አልጠበቁም፣ የሚጠበቅ ነገር አይደለምና። የደረት ራጅም ተነሥታለች። ሐኪሙ እንደነገረኝ ይህን ዕጢ የሚያጠፋው አንዱ ነገር የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው የለንደኑ ሐኪም ቶማስ አዲሰን ካያቸው ሕሙማን በርካቶቹ ነቀርሳ ያጠቃቸው ነበሩ። በእርሷ ላይ ነቀርሳ አልተገኘም።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ወረቀት ላይ ሣለልኝ። ሥዕሉ የእኔው የሰሌዳ ሥዕል ነው። ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲዞል ስኳር ከደም ውስጥ እንዳያልቅ የሚጠብቅ ነው፤ ኢንሱሊን ወደ ታች ሲስብ እርሱ ወደ ላይ ይይዛል። እርሱ ሲጠፋ የትናንቱ 30 ዩኒት፣ አልፎም 14ቱ፣ መርዝ ይሆናል። እነዚሁ ዕጢዎች ጨው በሽንት እንዳይፈስ የሚያግደውን ሌላ ሆርሞንም ይሠራሉ፤ እርሱ ሲጎድል ሰውነት ጨው ጨው ይላል። ጥቁረቱስ? ጭንቅላት ውስጥ ያለችው አለቃ ዕጢ፣ ፒቱታሪ፣ "ሥሩ! ሥሩ!" እያለች ለአድሬናል መልእክት ትልካለች፤ መልስ ስታጣ መልእክቱን ታበዛዋለች፤ ያ መልእክት ሲበዛ ደግሞ ቆዳን ያጠቁራል። በየፊናው ምክንያት የሰጠነው ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ የሚወጣ ጭስ ነበር።

"ታዲያ ምን ነካቸው?" አልኩት።

"የሰውነቷ የበሽታ መከላከያ ነው። ዘበኛው ባለቤቱን ሌባ ነው ብሎ መታው። መጀመሪያ ቆሽቷን፣ ስኳሩ የመጣው ከዚያ ነው። አሁን አድሬናሏን። አንገቷ ላይ ያለው እብጠትም የአዮዲን እጥረት እንቅርት ብቻ አይመስለኝም፤ ታይሮይዷም እየተመታ ነው። ያ ነጭ ጠቃጠቆም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም።"

እ.ኤ.አ. በ1926 ሽሚት የተባለ ጀርመናዊ የአድሬናልና የታይሮይድ ዕጢዎቻቸው አንድ ላይ የተጎዱ ሁለት ሰዎችን ገልጾ ነበር፤ በ1964 ካርፔንተርና ባልደረቦቹ የስኳር ሕመምን ጨመሩበት። ዛሬ ሐኪሞች ራስን በራስ የሚያጠቃ የብዙ ዕጢዎች ሕመም፣ ሁለተኛው ዓይነት ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በጎልማሶች፣ ይበልጡንም በሴቶች ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ግን በሕፃንነት የሚጀምር ሌላ የዘር በሽታ ነው።

ከዚያ ሐኪሙ እርሳሱን አስቀመጠና "አባቴ፣ ልጅቷ አልዋሸችም" አለኝ። መቆጣቴን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እናቷ ትሆናለች። አልጋዋ አጠገብ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እኔ ያደግሁት ሽማግሌ ልጅን ይቅርታ በማይጠይቅበት ቤት ነው። "አባባ፣ ኧረ ነውር ነው!" ብላ ፊቷን በጋቢ ሸፈነች።

ይህን በሽታ ተሸክመው ከኖሩት ሰዎች በዓለም ላይ የታወቀው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ነው። አዲሰን እንዳለበት ለንደን ውስጥ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ በኋላ ታይሮይዱም ደከመ። ሊ ማንዴል የተባለ ሐኪም መዛግብቱን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደጻፈው ሁለቱ ሲደመሩ የልጄ ልጅ ያለባት ዓይነት ሕመም ነው። እኅቱ ዩኒስም አዲሰን ነበረባት። በ1960 የምርጫ ዘመቻ ወቅት ሰዎቹ በሽታውን ክደዋል፤ የጠየመ ፊቱን ያየ ሕዝብም የጤና ምልክት አድርጎ ወሰደው። መስከረም 1956 ዓ.ም. ጃንሆይን ዋሽንግተን ላይ የተቀበለው፣ ሁለት ወር ሳይሞላም ጃንሆይ ቀብሩ ላይ የቆሙለት ሰው በየቀኑ ኮርቲዞን የሚወስድ ሰው ነበር። ይህን ስነግራት "ፕሬዚዳንት ሆኖ ጨው ይልስ ነበር?" አለችኝ። ይህን እንኳ አላነበብኩም አልኳት።

መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው። ለእርሷ የተሰጣት ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ርካሽና የሚገኝ ነው። ጨው የሚይዝላት ፍሉድሮኮርቲዞን ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እየፈለገ ይልክልናል፣ በጎደለ ጊዜ ጨዋን ጨምራ ትበላለች፤ ሐኪሟ የፈቀደው ነው። የታይሮይዱ ክኒን ከሳምንታት በኋላ ነው የተጀመረላት። ለምን እንደዘገየ ስጠይቅ ሐኪሙ ጠንከር አድርጎ ነው የመለሰልኝ፤ አድሬናሉ ሳይታከም ታይሮይዱን ቀድሞ ማከም ያለችውን ጥቂት ኮርቲዞል ቶሎ ያስጨርሳትና ይጥላታል። ቅደም ተከተሉ ራሱ መድኃኒት ነው። ኢንሱሊኗ ቀስ በቀስ ተመልሶ ዛሬ 28 ዩኒት ደርሷል። መርፌው ሲጨምር ደስ ያለው ቤተሰብ ከእኛ በቀር ይኖር ይሆን?

ከሆስፒታል ስንወጣ ሁለት ነገር አስጠንቅቀውናል። ክኒኑ አንድም ቀን አይቋረጥም፤ ትኩሳት ወይም ከባድ ሕመም ሲመጣ ደግሞ መጠኑ ይጨመራል፣ የጤናማ ሰው አድሬናል በሕመም ጊዜ ብዙ ኮርቲዞል ያመነጫልና። የምታስታውክ ከሆነና ክኒኑ ካልቆመላት መርፌ ነው፤ እርሱም ሰዓት አይሰጥም። የመርፌውን ብልቃጥ ከነሲሪንጁ ይዘን ወጣን።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ይህ ሁሉ ተፈተነ። መንገዱ የተዘጋበት ሳምንት ነበር፤ ከጎንደርም ወደ ጎንደርም መኪና አይሄድም፣ ስልክም የለም። ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። በተነገረን መሠረት ክኒኑን በእጥፍ ሰጠናት፤ ማታ ማስታወክ ጀመረች፣ ክኒኑም አብሮ ወጣ። ልጄ በጨለማ በእግሩ ሄዶ ነርሷን ከቤቷ ቀሰቀሳት። ዝናብ ነበር። በዚያ ዝናብና በዚያ ሥጋት መምጣት አይጠበቅባትም ነበር፤ መጣች። ብልቃጡን በሻማ ብርሃን ሰበረች፣ ወጋቻት፣ በየሰዓቱ ስኳሯን እየለካን አደርን። ንጋት ላይ ልጅቷ አጥሚት ጠየቀች። ያንን ብልቃጥ "ቤት ምን ያደርግልናል፣ ሲያማት እንወስዳታለን" ብዬ ሆስፒታል ትቼው ልወጣ ነበር፤ የከለከለችኝ ፋርማሲ ውስጥ የነበረች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ የሁለት ወር ክኒን ሳይኖረኝ አልተኛም። በኪሷም ስሟን፣ ሕመሟንና የመድኃኒቷን ስም የጻፍኩበት በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ አለ፤ ራሷን ስታ የሚያገኛት ሰው "ስኳሯ ነው" ብሎ ብቻ እንዳይተዋት።

አሁን 18 ዓመቷ ነው። መርፌውንም መዝገቡንም ከእጄ ወስዳለች። ድዷ እየነጣ መጥቷል፤ እናቷ "እንዲያውም ያምርብሽ ነበር" ትላታለች። ለምጹ አለ፤ የቀየረችው ልጅ ግን ተመልሳ አጠገቧ ተቀምጣለች። ክፉ ቀን የለም አልልም። ሰልችቷት ክኒኑን ትራስ ሥር የደበቀችበት ሳምንትም ነበር፤ በዚያ ሳምንት አልተቆጣሁም፣ ወይም ትንሽ ነው የተቆጣሁት።

የቀረን የታናሽ ወንድሟ ጉዳይ ነው። ይህ ሕመም በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም ሐኪሙ እርሱም እንዲታይ፣ ስኳሩና ታይሮይዱ እንዲመረመር አዝዟል። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ደህና ነው፤ ይሮጣል፣ ይበላል፣ ይሳደባል። ባለፈው እሑድ ግን ቆሎ እየበላን "ጨው ጨምሩልኝ" አለ። እናቱ እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔም ዝም አልኩ። እኅቱ ተነሥታ እጁን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችውና መዳፉን ዘርግታ፣ ከንፈሩን ገልብጣ አየች።

"ምንም የለውም" አለች። "ጨዉን ስጡት። ቀጠሮው ግን አይቀርም።"